ወይራውና ርስቱ፦ ለእስራኤል የተነገረው ትንቢት ዛሬ የማን ነው?

የመነሻ ጥያቄ

ጥያቄውን ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ያነሣሁትም ባለፈው ወር ደሴ ውስጥ በአንድ የለቅሶ ድንኳን ከሰማሁት ክርክር ነው። በእኛ አገር ድንኳን ሲተከል ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ሙስሊሙም በአንድ አግዳሚ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ሟቹን በማንሣት የተጀመረ ወግ የት እንደሚደርስ አይታወቅም። በሦስተኛው ቀን ማታ ከለቀስተኞቹ አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የእስራኤል መንግሥት መታወጁ በሕዝቅኤል ምዕራፍ 37 የተነገረው የደረቁ አጥንቶች ትንሣኤ ፍጻሜ መሆኑን አስረግጦ ተናገረ። አጠገቡ የነበሩ አንድ የደብር አገልጋይ ደግሞ ተስፋው ከክርስቶስ መምጣት በኋላ ለቤተ ክርስቲያን መሆኑን፣ ዛሬ እስራኤል የሚባለውም የተጠመቀው ምእመን መሆኑን መለሱለት። ንፍሮው ሲመጣ ክርክሩ ተቋረጠ፤ እኔ ግን ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ አጣሁ።

ስለዚህ በጽሑፍ ለምንወያይበት መድረክ አባላት ያቀረብኩት ጥያቄ ይህ ነበር። ነቢያቱ ለእስራኤል የተናገሩት የመመለስና የምድር ተስፋ ያንኑ ሕዝብ ገና ይጠብቀዋልን? ወይስ በክርስቶስ ተፈጽሞ ተጠቃሏል? መልስ የሚሰጥ ሁሉ ምዕራፍና ቁጥር እንዲጠቅስ፣ የሰሞኑንም የጦርነት ዜና ወደ ጎን እንዲተው ለመንሁ። ሁለተኛውን ልመናዬን የሰማኝ ጥቂት ሰው ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ 27 መልሶች ስለ ደረሱ፣ መሐል ላይ ለገባ አንባቢ ይመች ዘንድ በተራቸው እተርካቸዋለሁ።

መልስ 1። ዋድላ ቅኔ የተማሩ አንድ መሪጌታ በአንቱታና በምርቃት ጀመሩ። እስራኤል ዘሥጋን (በትውልድ የሆነውን) እና እስራኤል ዘነፍስን (በእምነት የሆነውን) ከለዩ በኋላ፣ በዘጸአት 19፥6 ለእስራኤል የተሰጠው የካህናት መንግሥትነት ማዕርግ በ1ኛ ጴጥሮስ 2፥9 ለምእመናን መሰጠቱን፣ ገላትያ 3፥29ም የክርስቶስ የሆኑትን ሁሉ የአብርሃም ዘር ማለቱን አመለከቱ። ከሁሉ የጠነከረው ማስረጃቸው ግን ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 የመጣው ነው። አሞጽ ምዕራፍ 9 ላይ የወደቀችው የዳዊት ድንኳን ትነሣለች ይላል፤ ያዕቆብ በኢየሩሳሌም ጉባኤ ይህንኑ ቃል አንሥቶ የተረጎመው በአሕዛብ ወደ እምነት መግባት ነው። በእኔ ግምት ከዚህ ወገን በጠቅላላው የውይይት ክር ውስጥ የቀረበ የተሻለ ማስረጃ የለም፤ የነቢይን ቃል ሐዋርያ ራሱ እንዴት እንደ ፈታው ያሳያልና።

መልስ 2። አጭር ነበረች። የጻፈችው እኅት መሪጌታን አመስግና፣ አዲሱን ኪዳን የሚያበሥረው ኤርምያስ ምዕራፍ 31 እዚያው ከቁጥር 35 እስከ 37 ፀሐይና ጨረቃ እስካሉ ድረስ የእስራኤል ዘር ሕዝብ መሆኑን እንደማይተው መናገሩን አስታወሰች። የምዕራፉን አጋማሽ ለቤተ ክርስቲያን ወስዶ ቀሪውን ዝም ማለት እንዴት እንደሚቻልም ጠየቀች። መሪጌታ ለዚህ ቀጥተኛ መልስ አልሰጡም።

መልስ 3። ከኮምቦልቻ የጻፈ የወንጌል አገልጋይ ነው። ብዙዎች ዛሬ እስራኤል ያሉት አብዛኞቹ በክርስቶስ የማያምኑ ስለሆኑ መመለሳቸው የትንቢት ፍጻሜ ሊሆን አይችልም ይላሉ። እርሱ ግን የሕዝቅኤል 36ን ቅደም ተከተል እንድናይ ጠየቀ። በቁጥር 24 ከአሕዛብ መካከል መሰብሰብ ይቀድማል፤ ጥሩው ውኃ የሚረጨው፣ አዲሱም ልብ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ በቁጥር 25ና 26 ነው። በምዕራፍ 37 አጥንቶቹም ጅማትና ሥጋ ለብሰው ቆዳ ከሸፈናቸው በኋላ ትንፋሽ አልነበረባቸውም። እ.ኤ.አ. በ1967 ምሥራቅ ኢየሩሳሌም በእስራኤል መያዟንም የአሕዛብ ዘመን እስኪፈጸም ትረገጣለች ከሚለው ከሉቃስ 21፥24 ጋር አያያዘ። ንባቡን ባልቀበለውም ረጋ ያለ አጻጻፉን ወድጄዋለሁ።

መልስ 4 እና 5። ቁጥር 4 እርማት ይዞ መጣ። ሕዝቅኤል የተናገረው በባቢሎን ምርኮ ለተቀመጡ ሰዎች መሆኑን፣ የፋርሱ ንጉሥ ቂሮስም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ538 ገደማ መንገዱን ከፍቶላቸው በዘሩባቤል መሪነት መመለሳቸውን ጠቅሶ፣ ትንቢቱ ያኔ አብቅቷል አለ። እርማቱ ግማሽ መንገድ ብቻ ስለሚሄድ በቁጥር 5 የመለስሁት እኔ ነኝ። በሕዝቅኤል ምዕራፍ 37 ከቁጥር 15 ጀምሮ የይሁዳና የዮሴፍ በትሮች አንድ ሆነው በአንድ ንጉሥ በዳዊት ሥር ይኖራሉ ተብሏል። ዘሩባቤል አገረ ገዥ እንጂ ንጉሥ አልነበረም፤ ሰሜናውያኑ ነገዶችም በዚያ መልክ አልተመለሱም። ቁጥር 4 ወዲያው ንጉሡ ክርስቶስ ነው ብሎ መለሰ፤ ያም ቢሆን ወደ መሪጌታ ንባብ መመለስ እንጂ ነገሩ በቂሮስ ዘመን አብቅቷል ማለት አይደለም።

መልስ 6 እና 7። ታሪክ የሚወድ አንድ አባል፣ ለእስራኤልና ለቤተ ክርስቲያን ሁለት የተለያየ ዕጣ የሚሰጠው ትምህርት በ19ኛው መቶ ዘመን በሰባኪው በጆን ኔልሰን ዳርቢ የተደራጀ፣ እ.ኤ.አ. በ1909 በታተመው የስኮፊልድ ማብራሪያ መጽሐፍ ቅዱስ የተስፋፋ እንግዳ ነገር ነው ሲል በንቀት ጻፈ። ቁጥር 7 ደግሞ ሁለት ጥያቄዎች መቀላቀላቸውን በጨዋነት አሳየው። በራእይ ምዕራፍ 20 የተጻፈውን የክርስቶስን የሺህ ዓመት መንግሥት በምድር የሚሆን አድርጎ መጠበቅ እንግዳ አይደለም፤ በ2ኛው መቶ ዘመን ሰማዕቱ ዮስጢኖስና ሄሬኔዎስ ይጠብቁት ነበር። ያው ዮስጢኖስ ደግሞ ክርስቲያኖችን እውነተኛው እስራኤል ብሎ ጠርቷቸዋል። እንግዲህ አንድ ሰው ሺህ ዓመቱን እየጠበቀ ቤተ ክርስቲያን እስራኤል ናት ሊል ይችላል ማለት ነው። ይህን መልስ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ድንኳኑ ውስጥ አንድ ነገር መስሎን የተጨቃጨቅንበት ጉዳይ ሁለት ነገር እንደነበረ የገባኝ ያኔ ነው።

መልስ 8 እና 9። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እርስዎ ሲባባል ነበር፤ ቁጥር 8 መሪጌታን አንተ ብሎ ጀመረ። ቤተ ክርስቲያን የእስራኤልን ቦታ ወሰደች የሚለው ትምህርት ለአይሁድ ጥላቻ በር መክፈቱን፣ ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያ ያደረጋቸው ስብከቶች በኋላ ዘመን የጥላቻ መሣሪያ መሆናቸውን ጠቅሶ፣ መሪጌታን የዚያ ደም ወራሽ አደረጋቸው። መሪጌታ በቁጥር 9 ሲመልሱ አንቱታውን አልጣሉም። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ኦሪትን የምታነብ፣ የምትገርዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1450 ከተደረገው ከደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ወዲህ ቀዳሚት ሰንበትን በጉባኤ ውሳኔ የምታከብር መሆኗን ዘርዝረው፣ የአውሮፓ ዕዳ በእኛ ላይ እንዳይጫን ጠየቁ። ቅሬታቸው ቢገባኝም መልሳቸው ሙሉ እንዳልነበረ ቁጥር 19 ላይ ይታያል።

መልስ 10። እዚህ ላይ ክሩ ሊበጠስ ነበር። ስሙን የሸሸገ አንድ ሰው፣ ዘፍጥረት 12፥3 የሚባርኩህን እባርካለሁ የሚረግሙህንም እረግማለሁ ስለሚል፣ ኢትዮጵያ በ1940 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ለእስራኤል መቋቋም ድምፅ ሰጥታ እንደ ተባረከች፣ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ግንኙነቷን በማቋረጧ ደግሞ እንደ ተረገመች ጻፈ። ለእርግማኑም ማስረጃ ያደረገው የወሎን ረኃብና የዙፋኑን መውደቅ ነው።

መልስ 11። የመለሱለት አንዲት የራያ ቆቦ ሴት ናቸው። ዕድሜያቸውን አልጻፉም፤ ያን ጊዜ ልጅ እንደነበሩ ግን ከነገሩ ይታወቃል። ረኃቡ ከጥቅምቱ ውሳኔ አስቀድሞ በ1965 ዓ.ም. ሰው ሲፈጅ እንደነበረ፣ ከብቱ አልቆ ከብቱን የተከተለው ሕዝብ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ሲረግፍ አዲስ አበባ ገና ከእስራኤል ጋር ወዳጅ እንደነበረች በቁጣ አስረዱ። ሁለት ታናናሾቻቸው በዚያ ዓመት እንደ ሞቱባቸው በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ጠቅሰው፣ ሕፃናቱ የየትኛውን አገር ዲፕሎማሲ አበላሽተው እንደ ተቀጡ ጠየቁ። ቀጥለውም የድምፁን ጉዳይ አረሙ። ኅዳር 1940 ዓ.ም. የፍልስጥኤም ክፍፍል ለድምፅ ሲቀርብ ኢትዮጵያ ድምፀ ተዓቅቦ አደረገች እንጂ አልደገፈችም። በረከትም ሆነ እርግማን እንዲህ ካለው ስሌት ሲወጣ መነሻው ስሕተት ነው። እኔ የጨመርሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም የዘፍጥረት 12፥3 ቃል ለአብርሃም በነጠላ መነገሩን፣ ጳውሎስም በገላትያ 3፥16 የተስፋውን ዘር ክርስቶስ ማለቱን ነው። ከእርሳቸው መልስ በኋላ ግን የእኔ ሰዋስው ለዛ አልነበረውም።

መልስ 12 እና 13 ተሰርዘዋል። ዘለፋ ስለነበረባቸው የመድረኩ ኃላፊ አነሣቸው፤ ከመሰረዛቸው በፊት ስላነበብኋቸው አላዝንም። አንድ አባል መሰረዙን ቦሩ ሜዳ አስመሰለው። ከደሴ አቅራቢያ ባለው በዚያ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ ፊት የተደረገው የሃይማኖት ክርክር በሥልጣን እንደ ተቋጨ የማያውቅ የአገሬ ሰው ስለሌለ፣ ቀልዱ ለጊዜው ቁጣውን አበረደው።

መልስ 14 እስከ 17። ቁጥር 14 ሮሜ ምዕራፍ 11ን አነሣ፤ እኔም ከመጀመሪያው እጠብቅ የነበረው ይህን ነው። ጳውሎስ እስራኤልን በወይራ ዛፍ መስሎ፣ ከቅርንጫፎቹ አንዳንዶቹ ስላለማመናቸው ተሰብረው በስፍራቸው የበረሃ ወይራ የሆነው አሕዛብ እንደ ገባ ይናገራል። ቁጥር 15 የግብርና ባለሙያ ስለሆነ ነገሩን ወደ እርሻ ወሰደው። በወሎ ደጋ የሚበቅለው ወይራ የሚበላ ፍሬ ከሚሰጠው የሜዲትራኒያን ወይራ ጋር የአንድ ዝርያ ሁለት ወገን ነው፤ የእኛው ፍሬው ደቃቃ የሆነው፣ ያልለማው ወገን ነው። አትክልተኛ ችግኝ ሲያዳቅል ጠንካራ ሥር ባለው በዱሩ ግንድ ላይ የመልካሙን ዛፍ ቅርንጫፍ ያስገባል እንጂ፣ የዱሩን ቅርንጫፍ ወስዶ በመልካሙ ግንድ ላይ አያስገባም። ጳውሎስ ተቃራኒውን መናገሩ የእርሻ ዕውቀት ጎድሎት እንዳይመስለን፣ እርሱ ራሱ በቁጥር 24 አሠራሩ ከተፈጥሮ ውጭ መሆኑን ተናግሯል።

ቁጥር 16 በዚህ ተደስታ የወይራ ጭስ ለወተት ዕቃና ለጠላ ጋን ማጠኛ ያለውን ጥቅም ዘረዘረች፤ ቁጥር 17 ደግሞ የተራቆተውን የጦሳን ተራራ አንሥቶ ወይራ እየጠፋ ነው ሲል አማረረ። መለስ በሉ ብዬ ብጽፍም በልቤ አልተቀየምሁም። የበረሃ ወይራ ማን እንደሆነ ለማወቅ ጎረቤት ያለውን ጉቶ ማየት ይበቃልና። እኛ ነን። በዚያ ምዕራፍ ከቁጥር 18 እስከ 21 የተጻፈው ማስጠንቀቂያም የሚያገኘው እኛኑ ነው፤ ሥሩ አንተን ይሸከምሃል እንጂ አንተ ሥሩን አትሸከምም፤ ለተፈጥሮዎቹ ቅርንጫፎች ያልራራው ለአንተም አይራራልህም። የመሪጌታን ንባብ ከልቤ የምቀበል ብሆንም፣ ተስፋው ወደ እኛ ዞረ ብሎ የሚኮራ ሁሉ ይህን ክፍል ቶሎ እንደሚያልፈው ታዝቤአለሁ። የኮምቦልቻው ወንድምም በበኩሉ፣ ከተሰበረው ቅርንጫፍ የሚጠየቀው በቁጥር 23 እንደ ተጻፈው ማመን እንጂ ድንበር ማስመለስ እንዳልሆነ አላነሣም።

መልስ 18። ከላሊበላ የጻፈ አንድ ወጣት ሦስተኛ ወገን ይዞ ቀረበ። እንደ ክብረ ነገሥት ትረካ ታቦተ ጽዮን ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ስትመጣ ክብሩም አብሮ መጥቷል፤ በከተማው ዮርዳኖስ የሚባል ወንዝ፣ ጎልጎታና ቤተልሔም የሚባሉም ውቅር ቤተ መቅደሶች አሉ፤ እስራኤልን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም የሚል ነበር። ኩራቱ ደስ ይላል። ሆኖም የጠቀሰው አሞጽ 9፥7 ከእርሱ ጋር የሚቆም አይመስለኝም፤ እግዚአብሔር እስራኤልን ከኢትዮጵያ ልጆች ጋር ሲያስተያይ፣ ፍልስጥኤማውያንን ከካፍቶር፣ ሶርያውያንንም ከቂር ያወጣ እርሱ እንደሆነ በዚያው ቁጥር ተናግሮ የመመረጥን ትምክሕት ይቀንሳል እንጂ ለሌላ ሕዝብ አያስተላልፍም።

መልስ 19። ቁጥር 9ን ያረመው ይህ ነው። የአውሮፓ ዕዳ የለብንም ለተባለው፣ በገዛ አገራችን ቤተ እስራኤል ምን እንደ ደረሰባቸው አስታወሰ። ያልተጠመቀ ርስት አይውረስ የሚለው፣ በትውፊት ለአፄ ይስሐቅ የሚሰጠው አዋጅ ምድር ነሥቷቸው ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ እንዳደረጋቸው፣ ቡዳ ተብለውም እንደ ተፈሩ፣ ፈላሻ የሚለው ስም ራሱ ርስት የሌለውን መጻተኛ እንደሚያሰማ ጻፈ። ከዚያም ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መወሰዳቸውን ከሶፎንያስ 3፥10 ጋር አያይዞ፣ ትንቢት ባይሆን እንኳ እኛ ርስት የከለከልናቸውን ሌላ አገር እንደ ተቀበላቸው መካድ እንደማይቻል ተናገረ። ርስት የሚለው ቃል በዚህ ክር የከበደው ከዚህ በኋላ ነው። መጽሐፉ ስለ ከነዓን ሲናገር የተጠቀመበት ቃል፣ አያቶቻችን በየችሎቱ የተካሰሱበት ያው ቃል ነውና።

መልስ 20 እና 21። ቁጥር 20 ዘመን ቆጠረ። በማቴዎስ ምዕራፍ 24 ስትለመልም ይህ ትውልድ ሳያልፍ ሁሉ ይሆናል የተባለላት በለስ እስራኤል ናት፤ በመዝሙር የሰው ዕድሜ ቢበረታ ሰማንያ ነው ተብሏልና ከ1948 ሰማንያ ዓመት ሲቆጠር እ.ኤ.አ. 2028 ይሆናል አለ። ቁጥር 21 ያሳቀችን እርሷ ናት። ቀድሞ በአርባ ዓመት ሲቆጥሩ እ.ኤ.አ. 1988 ደርሶ ማለፉን አስታውሳ፣ ለመሆኑ ሰማይ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው ወይስ በእኛ ብላ ጠየቀች። በእኛ 1948 ዓ.ም. የታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው፤ እርሱም የንጉሡን ዘር ከሰሎሞን ይቆጥራል። የሐዋርያት ሥራ 1፥7ን አክላ ዘጋችው፤ ደቀ መዛሙርቱ መንግሥትን ለእስራኤል መቼ ትመልሳለህ ብለው ሲጠይቁ ዘመኑን ማወቅ ለእናንተ አልተሰጠም ተብለዋል። የኮምቦልቻው ወንድም ግን ጌታ ጊዜውን ከለከለ እንጂ መመለሱን አልካደም ሲል አስተዋለ፤ ይህም ትክክል ነው።

መልስ 22። እናቱ ሙስሊም፣ አባቱ ክርስቲያን የሆነ የተሁለደሬ ሰው ነው። እስከዚህ ድረስ ሲያነብ እንደ ቆየ፣ ሁላችንም ስለ ምድሪቱ ስንጽፍ እዚያ የሚኖረውን ፍልስጤማዊ፣ የቤተልሔሙን ክርስቲያን ጭምር፣ አንድም ሰው እንዳልጠራው በሐዘን ጻፈ። ከዚያም ማናችንም ያልጠቀስነውን ክፍል አመጣ። በሕዝቅኤል 47፥22 እና 23 ምድሪቱ ለነገዶች በዕጣ ስትከፈል፣ በመካከላቸው የሚኖሩትና ልጆች የወለዱት መጻተኞች እንደ አገር ልጅ ተቈጥረው ርስት ይካፈላሉ። ትንቢቱን ቃል በቃል የምታነቡ ከሆነ ይህንንም ቃል በቃል አንብቡልኝ አለ።

መልስ 23 እስከ 25። ሁለቱ ወደ ሰሞኑ ዜና ገብተው ተሰዳደቡ፤ አልተርካቸውም። በቁጥር 25 መሪጌታ ተመልሰው፣ በሮሜ 11፥26 እስራኤል ሁሉ ይድናል ከሚለው በፊት ያለው ቃል እንደዚሁም እንጂ ከዚያ በኋላ የሚል እንዳልሆነ አሳዩ። ጊዜን ሳይሆን መንገድን ይናገራል፤ እስራኤል የሚድነው አሕዛብ በዳኑበት በዚያው መንገድ ነው። በኢሳይያስ 59፥20 ታዳጊው ለጽዮን የሚመጣ ሲሆን ጳውሎስ ከጽዮን ይወጣል ማለቱንም አከሉ። የኤርምያስን 31 ጉዳይም ሳይመለስ እንዳለፉት አምነው፣ ሕዝቡ እንደ ሕዝብ መጠበቁን እንደማይክዱ ጻፉ። ቁጥር 8 ለዚህ መልስ ሲሰጥ መሪጌታን እርስዎ አላቸው።

መልስ 26 እና 27። በቁጥር 26 የተሁለደሬው ሰው ጥያቄው እንዳልተመለሰለት አስታወሰ። ቁጥር 27 ትናንት ማታ የገባ የኮምቦልቻው ወንድም ጽሑፍ ነው። 47ኛውን ምዕራፍ ብዙ ጊዜ ቢሰብክም የሰበከው ከመቅደሱ ስለሚወጣው ወንዝ ብቻ እንደነበረ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች በስብከት አንሥቷቸው እንደማያውቅ ገልጿል። ከምዕራፍ 40 ጀምሮ እንደገና እያነበበ መሆኑን፣ እዚያ ያለው የእንስሳት መሥዋዕትም ከዕብራውያን ምዕራፍ 10 ጋር እንዴት እንደሚታረቅ ገና እንዳልገባው ጽፎ፣ እስከ እሑድ ጊዜ እንዲሰጠው ለምኗል።